የትንሿ ከተማ የገና ምሽት ገበያ፦ ከመውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ኖቬምበር ሲጋመስ በእንግሊዝ ትንንሽ ከተሞች የሱቅ መስታወቶች ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይጀምራል። አንድ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይጠቅስና በዚያ ቀን ሱቆች እስከ ምሽት ክፍት እንደሚሆኑ፣ የጎዳናው መብራት እንደሚበራ፣ መዘምራን እንደሚዘምሩ ይናገራል። በሌላው ቀን ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚዘጋው መንገድ ያን ዕለት እስከ ምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ሰው ይሞላዋል። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ማስታወቂያው ላይ 8 የሚለው የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።) እንደ ስኪፕተንና ሉድሎው ባሉ የቆዩ የገበያ ከተሞች ኑሮው ሁሉ በአንድ ዋና ጎዳና ዙሪያ ስለሆነ፣ ከተማው በሙሉ ወደ ውጭ የወጣ ይመስላል።

እኔ ይሂዱ ባይ ነኝ። በትንሽ ከተማ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ጎረቤቱ በመኪና ወጥቶ በመኪና ይገባል፤ ሰላምታው እጅ ከማውለብለብ አያልፍም። በዚህ ምሽት ግን ሰው በእግሩ ይወጣል፣ ባለሱቁ ደጁ ላይ ቆሞ ያነጋግራል፣ ልጆችዎ አስተማሪያቸውን ከመዘምራኑ መካከል ያገኟታል። ለዚህ ብለው ከወጡ አይቆጭዎትም። የሚወጡት ርካሽ ዕቃ ፍለጋ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ። በዚህ ምሽት ሱቁ የሚከፈተው በሙሉ ዋጋ ለመሸጥ ነው፤ አንዳንዱ ለወጉ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ እውነተኛው ቅናሽ የሚመጣው ከዲሴምበር 25 በኋላ ነው።

ስጦታው የሚከፈተው መቼ ነው?

ከሁሉ በፊት በቤትዎ መወሰን ያለበት ይህ ነው። የእንግሊዝ ገና ዲሴምበር 25፣ የእኛ ጃንዋሪ 7 ነው፤ በመካከሉ ያሉት ቀናት ለኪስ ትልቅ ትርጉም አላቸው። ሱቆች ከዲሴምበር 26 ጀምሮ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ከዚያም ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ስጦታውን ለእኛ ገና የሚሰጥ ቤተሰብ ካፖርቱን፣ ጫማውን፣ የወጥ ቤት ዕቃውን በእነዚያ ቀናት በረጋ መንፈስ ሊገዛ ይችላል። በዚያ ዓመት ልጆች ሁሉ የሚጮኹለት መጫወቻ ግን ከበዓሉ በፊት ያልቃል፤ እሱን መጠበቅ ልጅን ማሳዘን ነው። ልጆችዎ የክፍል ጓደኞቻቸው በ25 የተሰጣቸውን ሲያወሩ ባዶ እጃቸውን እንዳይሆኑ ብለው ሁለቱንም በዓል የሚያከብሩ ከሆነ፣ ከምሽቱ ገበያ አንድ ትንሽ ነገር፣ ከቅናሹ ዋናውን መግዛት ጥሩ ክፍፍል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርዎ። በ2015 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች መብት ሕግ፣ ብልሽት ያለበትን ዕቃ መልሰው ሙሉ ገንዘብዎን የሚጠይቁበት የመጀመሪያ ጊዜ 30 ቀን ነው ይላል። ዲሴምበር 4 ማታ የገዙት መጫወቻ ጃንዋሪ 7 ጠዋት ሲከፈት 34 ቀን ሆኖታል። ለእንግሊዛዊው ጎረቤትዎ ያው ስጦታ በ21ኛው ቀን ስለሚከፈት ጊዜው አያልፍበትም፤ በእኛ ቤት ግን ያልፋል። መብትዎ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ከ30 ቀን በኋላ ሻጩ መጀመሪያ እንዲያድስ ወይም እንዲቀይር ዕድል ይሰጠዋል፤ ያ ካልሠራ ገንዘብዎን ይጠይቃሉ። እስከ 6 ወር ድረስም ብልሽቱ ሲገዙት የነበረ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ አልነበረም የሚለው ሻጩ ነው ማስረዳት ያለበት። ቢሆንም ልጅ በዓሉን ሲያለቅስ ከሚውልና እርስዎ ለጥገና ከሚመላለሱ፣ በባትሪና በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ በገዙበት ሳምንት አውጥተው ይሞክሩትና መልሰው ይጠቅልሉት።

ያልተበላሸ ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀለሙን አልወደድኩትም፣ ጠበበኝ ብሎ ወደ ሱቅ መመለስ ሕግ የሰጠው መብት አይደለም፤ ሱቁ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ነው። በኢንተርኔት ለተገዛ አብዛኛው ዕቃ ደርሶዎት በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብ መቀየር ይቻላል፤ በአካል ቆመው ለገዙት ግን የለም። ትልልቆቹ ሱቆች ለገና የመመለሻ ጊዜያቸውን ያራዝማሉ፤ ሲያራዝሙ ግን የሚያስቡት የራሳቸውን በዓል ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ መመለስ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተቻለም ቀኑን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። በትንሽ ከተማ ባለቤቱ ራሱ ካሸሩ ላይ ስለሚቆም እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቃል ያልቃል።

ምን ይግዙ፣ ምን ይተዉ?

በዚህ ምሽት መግዛት ያለብዎ በሱፐርማርኬትም በኢንተርኔትም የማያገኙትን ነው፤ የአካባቢውን ማር፣ የሸክላ ሠሪውን ሥራ፣ የመጽሐፍ ሻጩ ለልጅዎ ዕድሜ የሚመርጥልዎትን መጽሐፍ። ቴሌቪዥንና ስልክ በዚህ ምሽት አይገዛም።

ከመቶ ፓውንድ በላይ ለሆነና እስከ 30,000 ፓውንድ ለሚደርስ አንድ ዕቃ በክሬዲት ካርድ መክፈል ጥበቃ አለው፤ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ሻጩ ቢጠፋ ወይም ቢከስር ካርዱን የሰጠው ባንክ አብሮ ይጠየቃል። ተራ ዴቢት ካርድ ይህ የለውም። በካርድ ስለከፈሉ ብቻ ተጨማሪ ማስከፈል ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ትንሽ ሱቅ ከተወሰነ ገንዘብ በታች በካርድ አልቀበልም ሊል ግን ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

የስጦታ ካርድ ሲገዙ ቆም ይበሉ። ሱቁ ከከሰረ ካርድ የያዘ ሰው ከገንዘብ ጠያቂዎች ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው። በየከተማው ዋና ጎዳና ይታወቅ የነበረው ዉልዎርዝስ በኖቬምበር 2008 በኪሳራ አስተዳደር ሥር ገብቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሱቆቹን የዘጋው በጃንዋሪ 6፣ 2009፣ በእኛ ገና ዋዜማ ነበር። ካርድ ከሰጡ ለተቀባዩ ቶሎ እንዲጠቀምበት ይንገሩት።

በጎዳና ላይ የሚደረደሩት መደቦችም ነጋዴ እስከሆኑ ድረስ ለዚያው የሸማቾች መብት ሕግ ተገዢ ናቸው። ችግሩ በማግስቱ የት ያገኟቸዋል የሚለው ነው። ደረሰኝ ወይም ስምና አድራሻ ያለበት ካርድ የማይሰጥ መደብ ላይ ከሚበላና ከሚጠጣ በቀር ውድ ነገር አይግዙ። ከዚህ ሁሉ በላይ የማሳስብዎ በጋሪ እየተገፉ የሚሸጡትን የሚያበሩ ዘንጎችና የጭንቅላት ጌጦች ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ አለች። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ልታቃጥለው ትችላለች፤ ከተጠረጠረም ሳይጠብቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ መሆኑን፣ መጠቅለያው ላይም የሲኢ ወይም የዩኬሲኤ ምልክትና የአምራቹ ወይም የአስመጪው አድራሻ መኖሩን ይዩ። ክዳኑ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ልጁ ቢያለቅስም አይግዙለት።

የሚጾሙ ከሆነ

ምሽቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ጾሙ በኖቬምበር 24 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ጎዳናው ደግሞ በዚያ ምሽት በምግብ ሽታ ይታወዳል። ሙሉውን የሚጠበሰው አሳማ ለእኛም ለሙስሊም ወገኖቻችንም ያው ነው፤ ያልፉታል። አሳሳቹ ሚንስ ፓይ የሚሉት ትንሽ ኬክ ነው። ውስጡ ዘቢብና ቅመም ነው ሲባሉ የጾም ይመስላል፤ ሊጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ይሠራል፣ በውስጡ ያለው ድብልቅም በወጉ የበሬ ሞራ ይገባበታል።

እዚህ ላይ ሕጉ ግማሽ መንገድ ይረዳዎታል። በብሪታንያ ማንኛውም ምግብ ሻጭ አለርጂ ስለሚያመጡ 14 ነገሮች ሲጠየቅ መመለስ አለበት፤ ወተትና እንቁላል ከእነዚያ መካከል ናቸው። እዚያው ተሠርቶ እዚያው የታሸገ ምግብ ደግሞ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ሙሉ ዝርዝሩ ሊጻፍበት ይገባል። ሞራ ግን ከ14ቱ ውስጥ የለም። «ወተት አለው? እንቁላል አለው?» ብለው የለውም ቢባሉ እንኳ ሞራውን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። «ቪጋን» ተብሎ የተጻፈበትን መግዛት ከሁሉ ይቀላል። ትኩሱ የተጠበሰ ቼስነት የጾም ነው፤ ለልጆችም እጃቸውን ያሞቅላቸዋል። በቅመም የፈላው ትኩስ ወይን ጣፋጭነቱ አልኮሉን ይሸፍነዋልና መኪና የሚነዳ ሰው አይቅመሰው።

መሄጃና መመለሻ

ዋናው ጎዳና አብዛኛውን ጊዜ ከከሰዓት ጀምሮ ለመኪና ይዘጋል፤ አውቶቡሱም ከተለመደው ፌርማታ ላይቆም ይችላል። ከገጠር ለሚመጣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከሱቆቹ መዝጊያ ሰዓት ሊቀድም ይችላልና የመመለሻውን ሰዓት ሳያዩ አይውጡ። ካውንስሉ በዚያ ምሽት ፓርኪንግ ነፃ ነው ቢል የሚናገረው ስለራሱ ቦታዎች ብቻ ነው። የሱፐርማርኬት ግቢ የግል ነው፤ የመኪናዎን ሰሌዳ ካሜራ አንሥቶ፣ ከተፈቀደው ሰዓት ካለፉ ደብዳቤው ቤትዎ ይመጣል።

የሕፃን ጋሪ የሚገፋ፣ አረጋዊ እናት ይዞ የሚወጣ ወይም ግርግር የሚረብሸው ልጅ ያለው ሰው መብራቱ ከሚበራበት ሰዓት ቀደም ብሎ ሄዶ ቀደም ብሎ ይመለስ። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ማምሸት ሳያስፈልግ መብራቱን ያያሉ። ጭራሽ የማይመች ከሆነ የዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ አለ፤ ከ2013 ጀምሮ የትንንሽ ንግዶች ቀን ተብሎ ስለሚከበር ያው ባለሱቅ በቀን ብርሃን ይጠብቅዎታል። እሑድን የሚያስቡ ከሆነ በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱቆች መክፈት የሚችሉት ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለ6 ሰዓት ብቻ መሆኑን አይርሱ።

አንድ ጉዳይ ግን በዚያው ምሽት ይጨርሱ። ሥጋ ቤቱ ክፍት ከሆነ ገብተው የገና ዶሮዎን ይዘዙ። የሱፐርማርኬት ዶሮ ገና ልጅ ስለሆነ በወጥ ውስጥ ይፈርሳል፤ ባለሥጋ ቤቱ ግን ካዘዙት እንቁላል መጣል ያቆመች፣ ረጅም መንተክተክ የምትችል ዶሮ ሊያስመጣልዎ ይችላል። ከነቆዳዋ አይቆራርጧት፣ ሙሉዋን ይስጡኝ ይበሉት፤ 12 ቦታ መበለቱ የቤትዎ ሥራ ነው። ከዲሴምበር 25 በኋላ ስንት ቀን እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፍት ይጠይቁት፤ እስከ ጃንዋሪ 5 እጅዎ እንድትገባ ተስማምተው ቀኑን ያስጽፉት።