ጨው ውሃ ያክማል? ስለ አቶምና ስለ አዮን

በዚህ ዓመት በ8ኛ ክፍል ስለ ጨው ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው ብለውናል። የቦቴ ውሃም የሚታከመው በክሎሪን ነው። ታዲያ ክኒኑ ሲያልቅብን ጨው ብንጨምርበት አይበቃም?»

ጥያቄው ሊናቅ አይገባም። በሙኑኪ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው። ጁባም እ.ኤ.አ. በ2014 እና ከዚያም በኋላ የኮሌራ ወረርሽኝ አይታለች። ስለዚህ መልሱ ለሁላችሁም እንዲደርስ እዚህ ጻፍኩት። ባጭሩ፣ አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ግን ከአቶም እንጀምር።

የአቶም አሠራር

በአቶም መካከል ኒውክለስ አለ። በውስጡ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ፕሮቶኖችና ሙል የሌላቸው ኒውትሮኖች ይገኛሉ። በዙሪያው አሉታዊ ሙል ያላቸው ኤሌክትሮኖች አሉ። ኒውክለሱ ከአቶሙ ስፋት ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ቢሆንም፣ የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለው እዚያ ነው።

የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው። 11 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ሶዲየም ነው፤ 17 ያለው ሁሉ ክሎሪን ነው። በአቶም ውስጥ የፕሮቶኖችና የኤሌክትሮኖች ቁጥር እኩል ስለሆነ ሙላቸው ይቻቻላል፤ አቶሙም ገለልተኛ ይሆናል።

ኤሌክትሮኖች በእርከን ይደረደራሉ። የሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ነው፤ የክሎሪን ደግሞ 2፣ 8፣ 7። እንደነዚህ ያሉ አቶሞች የሚረጋጉት የውጨኛው እርከናቸው 8 ኤሌክትሮን ሲኖረው ነው።

አዮን እንዴት ይፈጠራል?

ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ትርፍ አለው፤ ክሎሪን አንድ ይጎድለዋል። ሲገናኙ ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል።

ሶዲየም፦ 11 ፕሮቶን፣ 10 ኤሌክትሮን፤ ሙሉ +1 (ካታዮን)።
ክሎሪን፦ 17 ፕሮቶን፣ 18 ኤሌክትሮን፤ ሙሉ −1 (አናዮን)፤ ስሙም ክሎራይድ ይሆናል።

ልብ በሉ፦ ፕሮቶኖቹ አልተነኩም። የተለወጠው የኤሌክትሮን ቁጥር ብቻ ነው። ሙል ያለው አቶም አዮን ይባላል። ተቃራኒ ሙሎች ስለሚሳሳቡ ሁለቱ አዮኖች ተደርድረው የጨው ቅንጣት ይሠራሉ።

የአንድ ኤሌክትሮን ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። የሶዲየም ብረት ውሃ ሲነካው በኃይል ይፈነዳል። የክሎሪን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር የጦር ግንባር ወታደሮችን የፈጀ መርዝ ነው። አዮን ሲሆኑ ግን ከአፋር ተቆርጦ በግመል የሚጓዘው፣ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ጨው ይሆናሉ።

ወደ ጥያቄው እንመለስ

ውሃ ማከሚያው ክኒን (አገር ቤት ደግሞ «ውሃ አጋር» የሚባለው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ክሎሪን ገና ኤሌክትሮን የሚፈልግ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከጀርሙ አካል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ጀርሙም ይሞታል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን የሚፈልገውን አግኝቶ ተረጋግቷል፤ ከማንም አይነጥቅም። ስማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው የተለያየ ነው። ክኒኑ ካለቀ ውሃውን አፍሉት እንጂ በጨው አትተማመኑ።

ጨው ሕይወት የሚያድነው በሌላ መንገድ ነው። የኮሌራ መርዝ የአንጀት ሴሎች ክሎራይድ አዮን እንዲያፈሱ ያስገድዳል፤ ሶዲየምና ውሃም ተከትለው ይወጣሉ። በሽተኛው ባዶ ውሃ ብቻ ቢጠጣ የወጣውን አይተካለትም። ነገር ግን በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየም አዮንና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት በር አለ፤ ኮሌራም ይህን በር አይዘጋውም። እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ፣ የሚሠራው በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ የባንግላዴሽ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ የደም ሥር ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው አጠጡ። ወደ 30 በመቶ የነበረው የሞት መጠን ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ፓኬቱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው ማብዛት ይጎዳል። በሽተኛው በመንገድ ላይም እየጠጣ ቶሎ ወደ ሕክምና ይሂድ።

መልመጃ

1. በኦ.አር.ኤስ ውስጥ ፖታሲየም አዮንም አለ። ፖታሲየም 19 ፕሮቶን አለው። አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ ስንት ይቀሩታል? አደራደራቸውስ?
2. ጨው ውሃን ለምን እንደማያክም ዛሬ ማታ በቤታችሁ ለአንድ ሰው አስረዱ። ያ ሰው ከተረዳችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል ማለት ነው።