መርዙ የት ገባ?

የዛሬው ትምህርት በፀረ ተባይ የተበከለ አፈር በተክል ስለሚጸዳበት መንገድ ነው። አስቀድማችሁ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወጣል። «ተክሉ አፈሩን አጸዳው» ሲባል መርዙ የት ገባ? ይህን ሳይመልስ «ጸድቷል» የሚላችሁን አትመኑ።

መልሱ በሦስት ወገን ይታያል። አንደኛ፣ ተክሉ መርዙን በሥሩ ስቦ በአካሉ ያከማቸዋል። ሁለተኛ፣ ስቦ በውስጡ ይሰባብረዋል። ሦስተኛ፣ እሱ ሳይነካው ከሥሩ በሚያወጣው ስኳርና አሲድ የአፈር ባክቴሪያዎችን ይቀልባል፤ መርዙን የሚያፈርሱት እነሱ ናቸው። የትኛው እንደሚሆን ከተክሉ እኩል የመርዙ ጠባይ ይወስናል።

ከቀላሉ እንጀምር። አትራዚን የበቆሎ ማሳ አረም ማጥፊያ ነው። አረሙ ሲደርቅ በቆሎው ለምን ይተርፋል? በቆሎ አትራዚንን በውስጡ ለውጦ መርዝነቱን ስለሚያከሽፍ ነው። መርዙ በመጠኑ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟም ሥር ከሚጠጣው ውሃ ጋር አብሮ ይገባል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በርከንና ሽኖር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፖፕላር ዛፍም አትራዚንን ስቦ ጉዳታቸው ወደቀነሰ ውህዶች እንደሚለውጠው አሳይተዋል። እዚህ ላይ «የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ ደስ የሚል መልስ አለን።

ዲዲቲ ግን ሌላ ነው። ተባይ ገዳይነቱ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ታወቀ፤ አሜሪካ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በእርሻ ላይ እንዳይረጭ ከለከለች። መሬቱ ግን አልረሳውም። ዲዲቲ እንደ ቅቤ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ ከአፈሩ ብስባሽ ጋር ተጣብቆ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ከፊሉም ዲዲኢ ወደሚባል ግትር ውህድ ይለወጣል። ታዲያ ውሃ የማይሸከመውን ሥር እንዴት ይስበዋል? እንደ ደንቡ አይስበውም። አብዛኛው ተክል ከሥሩ ቆዳ አያሳልፈውም።

ደንቡን የሚያፈርሰው ተራው ዝኩኒ ነው። በኮኔቲከት የግብርና ምርምር ጣቢያ ጄሰን ዋይትና ባልደረቦቹ ከብዙ ዓመት በፊት ዲዲቲ በተረጨ መሬት ላይ ዘርተው አዩት። ዲዲኢው በሥሩ በብዛት፣ ቀጥሎ በግንዱ፣ በቅጠሉና በፍሬው ደግሞ አነስ ብሎ ተገኘ። የቅርብ ዘመዱ ኪያር ግን ብዙም አይስብም። የዱባ ዝርያዎችም እንዲሁ ይለያያሉ፤ ስለዚህ «ዱባ ያጸዳል» ብሎ ጠቅልሎ ማስተማር ስህተት ነው።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ዝኩኒ በአንድ ወቅት የሚያወጣው በአፈሩ ካለው መርዝ ጥቂቱን ነው። መጋዘን ውስጥ በርሜል ፈስሶ መሬቱ በመርዝ በተነከረበት ቦታ ደግሞ ተክል አይረዳም፤ እዚያ ያለው መፍትሔ ቆፍሮ ማውጣት ነው። አገራችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያረጀ ፀረ ተባይ ክምችቷን በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ የላከችው መርዝን እዚያው ሜዳ ላይ መጨረስ ስለማይቻል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዝኩኒው ዲዲኢውን አልሰባበረውም፤ አካሉ ውስጥ አስቀምጦታል። ስለዚህ ፍሬው አይበላም፤ ግንዱና ቅጠሉ ለላም አይሰጥም፤ ዲዲኢ በስብ ውስጥ ስለሚከማች በወተት በኩል ልጆች ጋ ይደርሳል። ብስባሽ አድርጎ ወደ ማሳው መመለስም መርዙን ወደነበረበት መመለስ ነው፤ ምድጃ ውስጥ መማገድም አይፈቀድም። አዝመራው ከነሥሩ ተነቅሎ ይሰበሰባል፤ በአደገኛ ቆሻሻ ማቃጠያ በከፍተኛ ሙቀት ይወገዳል። እንዲህ ያለ ማቃጠያ ሳይዘጋጅ ዘሩ አይዘራም።