ቁልፍ ሰጪና ቁልፍ ያዥ፤ በጋራ መዝገብ ላይ ሥልጣንን ስለ ማከፋፈል

የንግድ ሥራ እየሰፋ በሄደ ጊዜ ባለቤቱ ሁሉን በገዛ እጁ ሊሠራ እንደማይችል ከማንም ነጋዴ የተሰወረ አይደለም። በደብረ ማርቆስ ሱቅ፣ በደጀን መጋዘን ያለው፣ በቢቸናና በሉማሜ ገበያ ጤፍና ስንዴ የሚገዙለትን ሰዎች ያሰማራ ነጋዴ፣ ቁልፉን ለአንዱ፣ ሚዛኑን ለሌላው፣ ገንዘቡን ለሦስተኛው ማመን ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥያቄው ማመን ይገባልን የሚል ሳይሆን፣ ማንን፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼስ የሚል ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዐባይን ወንዝ የሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴዎች በጎጃም ባሶ ገበያ በሚገናኙበት ዘመን፣ ነጋድራሱ ቀረጥ የሚያስከፍለውና ነጋዴውን የሚዳኘው ከገዢው በተሰጠው ሹመት ነበር። የሚሾመው ሌላ፣ የሚያስከፍለው ሌላ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ተነሥቷል። የዕቃ ዝርዝር፣ የዋጋ ሠንጠረዥና የደንበኞች ማስታወሻ ብዙ ሰዎች በአንድነት በሚጽፉበት መዝገብ መያዝ ጀምሯል። ከእነዚህም አንዱ ዊኪ የተባለው ነው። ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዊኪ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቋቋመው አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ውክፔዲያ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 15 ሺህ ያህል ጽሑፎች ያሉት የአማርኛ ክፍልም አለው። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሜዲያዊኪ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ፣ ማንኛውም ድርጅት ለራሱ መዝገብ ሊጠቀምበት ይችላል። እንግዲህ ሥልጣን በዚህ መዝገብ እንዴት እንደሚከፋፈል መመልከት ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የማዕርጎቹ አከፋፈል

በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ተራ ተጠቃሚ ነው። ይጽፋል፣ ያርማል፤ ነገር ግን የጻፈው ሁሉ ከነስሙና ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ የቀድሞውም ጽሑፍ አይጠፋም፤ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

በሁለተኛው ደረጃ ያለው መጋቢ ነው። መጋቢው ገጽን ይሰርዛል፣ የተሰረዘውን ይመልሳል፣ ማንም እንዳይነካው ይቈልፋል፣ የሚያበላሸውንም ተጠቃሚ ያግዳል። ሥራው የመጋዘን ቁልፍ ከያዘ ሰው ሥራ ጋር ይመሳሰላል።

በሦስተኛው ደረጃ የበላይ አስተዳዳሪው ይገኛል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በሜዲያዊኪ የመጀመሪያ አሠራር የበላይ አስተዳዳሪነት ብቻውን ገጽ የመሰረዝ ሥልጣን አይሰጥም፤ ዋና ሥራው ለሌሎች ማዕርግ መስጠትና መንሣት ነው። ቁልፍ ሰጪውና ቁልፍ ያዡ ተለይተዋል ማለት ነው። በብዙዎቹ የውክፔዲያ ክፍሎች ደግሞ ሥልጣኑ ከዚህም ይጠብባል፤ የበላይ አስተዳዳሪው መጋቢን ይሾማል እንጂ አይሽርም።

መሻር የሚችሉት ስቲዋርድ የተባሉት የሁሉም ቋንቋዎች አደራ ጠባቂዎች ናቸው። እነዚህ በየዓመቱ በሚደረግ ምርጫ ቢያንስ 30 የድጋፍ ድምፅና 80 ከመቶ ስምምነት ሲያገኙ ይሾማሉ፤ የቀድሞዎቹም ሹመት በየዓመቱ ይመረመራል። በገዛ ቋንቋቸው ክፍል ሥልጣናቸውን ከመጠቀም መቈጠብ ልማዳቸው ነው፤ ዳኛ በዘመዱ ጉዳይ እንዳይፈርድ እንደሚባለው ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ምንም ያልሠራ መጋቢም፣ ክፍሉ የራሱ ደንብ ከሌለው፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ሥልጣኑ ይነሣል።

ጥንቃቄ ሲጓደል

ደንቡ መልካም ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ሲላላ የሚደርሰውን ጉዳት ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ። በክሮኤሽያ ቋንቋ በሚጻፈው ውክፔዲያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ድረስ ጥቂት ሰዎች የአስተዳደሩን ማዕርግ ይዘው፣ የተቃወማቸውን እያገዱ፣ ታሪክን እያጣመሙ አቈዩ። ውክፔዲያን የሚደግፈው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የምርመራ ዘገባ ይህንኑ ገልጿል። ሿሚውም፣ ተሿሚውም፣ ተቈጣጣሪውም አንድ ወገን በሆነ ጊዜ ቤቱን ለማቅናት ዓመታት ፈጀ።

ሁለተኛው በስኮትላንድ ቋንቋ የሚጻፈው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ታወቀው፣ ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት መጋቢ ሆኖ በአሥር ሺህዎች የሚቈጠሩ ጽሑፎችን ጽፎ ነበር። ወጣቱ ለክፋት አልተነሣም፤ ጥፋቱ ሥራውን የሚመረምር ሁለተኛ ዐይን በመታጣቱ ነው። ስለዚህ መታመን ብቻውን አይበቃም፤ ታማኝም ሰው ይሳሳታልና።

ከሕጋችን ጋር ሲነጻጸር

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም በውክልና ረገድ የሚከተለው መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ሲያልቅም ተወካዩ የተሰጠውን የውክልና ጽሑፍ እንዲመልስ ግዴታ አለበት። ብዙ ነጋዴዎች በወረቀት የሚጠነቀቁትን ያህል በኤሌክትሮኒክ መዝገብ አይጠነቀቁም። ሠራተኛው ሲሰናበት የሱቁን ቁልፍ ይቀበሉታል፤ የምስጢር ቃሉ ግን በእጁ ይቀራል። በሌሊት የተለወጠ አንድ አኃዝ ጠዋት የተሸጠውን የአንድ አይሱዙ ጭነት ትርፍ ሊበላ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ለነጋዴው የሚበጅ ምክር

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ ስሙና በገዛ የምስጢር ቃሉ ይግባ። በአንድ ስም አምስት ሰው ከገባ፣ መዝገቡ ማን እንዳጠፋ ሊመሰክር አይችልም።

ሁለተኛ፤ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሰጠው። ዋጋ ጸሓፊው ገጽ መሰረዝ፣ ዕቃ ቈጣሪውም ማዕርግ መስጠት አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፤ የበላይ አስተዳዳሪዎች ከሁለት አይነሱ። አንድ ብቻ ከሆነና ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ቤቱ ተዘግቶ ይቀራል። ሁለት ከሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል።

አራተኛ፤ ሠራተኛው በተሰናበተበት ቀን፣ ከመሸ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ ፈቃዱ ይነሣ። ስሙ ግን ከመዝገቡ አይፋቅ፤ ያለፈው ሥራ ምስክር እርሱ ነውና።

አምስተኛ፤ ሹመትና ሽረት የተጻፈበት መዝገብ በየወሩ ይነበብ።

ስድስተኛ፤ ሜዲያዊኪ ለጋራ ንባብ የተሠራ እንጂ አንዱን ገጽ ከአንዱ አንባቢ ለመሰወር የታሰበ አይደለም። ስለዚህ የባንክ ምስጢርና የብድር ውል ሌላ ሥፍራ ይቀመጡ።

ይህን ሁሉ መጠንቀቅ ሠራተኛን መጠራጠር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሥልጣኑ ተለክቶ የተሰጠው፣ ሥራውም በስሙ የተመዘገበለት ሠራተኛ፣ ጥፋት በተገኘ ቀን ያለ በደሉ አይጠረጠርም። ልኩን የጠበቀ ፈቃድ የባለቤቱን ንብረት ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ስም ይጠብቃል።