ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤትና የተጧሪን ገመና ስለ መጠበቅ

በመጦሪያ ቤት የሚኖር ሽማግሌ ውኃ አልጠጣም ብሎ ያስቸገረ እንደ ሆነ፥ አስታማሚው ብዙ ጊዜ ግትርነት ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ውሰዱኝ ማለት ግድ ይሆንበታል፤ ይህንንም በሌሎች ፊት መለመን ስለሚያሳፍረው ጥሙን ታግሦ ይውላል። ከዚህም የተነሣ የሰውነቱ ውኃ ያንሳል፥ ሆዱ ይደርቃል፥ የሽንት ቧንቧ ሕመምም ሊያገኘው ይችላል። እንግዲህ የተጧሪን ገመና መጠበቅ ከጤና አጠባበቅ ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

እኔ ራሴ በውጭ አገር ስማር በአንድ መጦሪያ ቤት ለልምምድ ተመድቤ ሳለሁ፥ በጡረታ ያሉ አንድ አስተማሪ ገላቸውን ሲታጠቡ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ሽማግሌው አንዳች አልተናገሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ እንጂ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ማንም ገላቸውን እንዳይነካ ከለከሉ። በአምስተኛው ቀን እሺ ቢሉ፥ ከወገባቸው በታች ያለው ቆዳ ከመተኛት ብዛት ቆስሎ ተገኘ። ገና መቅላት ሲጀምር ታይቶ ቢሆን ኖሮ፥ ጎናቸውን በየጊዜው በማዛወር ሊመለስ የሚችል ነበር።

ስለዚህ አስታማሚ አስቀድሞ በሩን ያንኳኳ፥ ይግቡ እስኪባልም ይቁም። (አንኳኩቶ ወዲያው መግባት ካለማንኳኳት እምብዛም አይሻልም።) የሚያደርገውን ይናገር፤ በሩንና መጋረጃውን ይዝጋ። የሚታጠበውን የገላ ክፍል ብቻ ገልጦ የቀረውን በደረቅ ፎጣ ይሸፍን። ፊትን አስቀድሞ፥ ኀፍረተ ሥጋን መጨረሻ ላይ ውኃውን ለውጦ ያጥብ፤ ለሴት ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። እጃቸው የሚታዘዝላቸው ግን ይህን ክፍል ራሳቸው ይታጠቡት። ተረከዝን፥ ዳሌንና የወገብን ሥር አጥርቶ ማየት የሚቻለው በዚሁ ጊዜ ነውና አይታለፍ። የሸመገለን ሰው «አንተ» ማለት ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም አእምሮአቸው የዘነጋ አረጋውያን ሲሆኑ ጨዋ ሰው እንኳ ሲረሳው አይቻለሁ።

በአሜሪካ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚቀበሉ መጦሪያ ቤቶችን የተጧሪን ገመና እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ተጧሪው በሚታከምበትና ከቤተ ሰቡ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ ገመናው እንዲጠበቅ፥ ደብዳቤውም ሳይከፈት እንዲደርሰው መብት ሰጥቶታል። ረዳት አስታማሚዎችም ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑ ያዝዛል፤ በዚያ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚሁ ሥራ ተሠማርተዋል።

በእኛ አገር አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት በልጆቻቸው ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ በገመድ ላይ የተዘረጋ አንሶላ መጋረጃ ይሆናል፤ ሕፃናትና ጎረቤትም ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ይውጡ። ማን እንዲያጥባቸው እንደሚወዱም አስቀድሞ ይጠየቁ፤ እናት ከወንድ ልጃቸው ይልቅ ባዕድ ሴትን ሊመርጡ ይችላሉና።