ትዕዛዙን ማሽን ቢቀበልም ደንበኛውን የሚይዘው ሰው ነው

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በመቄት ወረዳ ፍላቂት ገበያ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፡፡ ከዋጋው በፊት ሰላምታ፣ ከሚዛኑ በኋላ ደግሞ ምርቃት አለ፡፡ ደንበኛ የሚባለውም ይህን ለምዶ የሚመለሰው ሰው ነው፡፡ በኢንተርኔት ትዕዛዝ የሚቀበል ድርጅት ይህን የቆየ የንግድ ጥበብ እንዴት ይጠብቀው? የዛሬው የገበያ ትምህርታችን ይኸው ነው፡፡

መቄት ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል፡፡ ከሃያ ዓመታት በፊት የወረዳው ገበሬዎች «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ፕሮጀክት አማካይነት የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎችን ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ማስተናገድ ጀምረው ነበር፡፡ እንዲህ ባለው ሥራ እንግዳው ቀን የሚያስይዘው ከሩቅ ሆኖ ነው፤ ቡና አፍልቶ፣ የጭነት እንስሳ አዘጋጅቶ የሚጠብቀው ግን የአገሬው ሰው ነው፡፡ በመካከል የሚላከው መልእክት ከተሳሳተ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል፡፡

ስህተቱ በብዛት የሚፈጠረው በሦስት ቦታ ነው፡፡

አንደኛው ስም ነው፡፡ በፈረንጅ ልማድ የተዘጋጀ ቅጽ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል፡፡ አቶ አበበ ከበደ «ውድ አቶ ከበደ» የሚል መልስ ሲደርሳቸው የተጠሩት አባታቸው ናቸው፡፡

ሁለተኛው አነጋገር ነው፡፡ አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»ና «እርስዎ» እያለ ይለያል፡፡ ማሽኑ ደንበኛውን ስለማያውቀው «እርስዎ» ማለቱ ይመረጣል፡፡

ሦስተኛውና ኪስ የሚጎዳው ጊዜ ነው፡፡ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለፈረንጁ 8 ሰዓት ነው፡፡ ጥምቀትን ላሊበላ ለማክበር ጥር 11 ቀን ያሰበ እንግዳ በጃንዋሪ 11 ቢመዘገብ ቢያንስ ስምንት ቀን ቀድሞ ይደርሳል፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» ማለት ነጋዴውን ከክርክር አያድነውም፡፡ ስለዚህ ቀኑም ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፡፡

መፍትሔው ማሽኑን መተው አይደለም፡፡ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያን በቅጽበት የሚያረጋግጥ የስልክ መልእክት ለብዙ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ይህን ሥራ ከሰው ይልቅ ማሽን አሳምሮ ይሠራዋል፡፡ ሰው የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ዕቃው ሲጫን፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የታዘዘው ሲጠፋ አንድ ስሙ የሚታወቅ ሠራተኛ ይደውል፡፡ የማሽኑ መልእክትም ከድርጅቱ ስም በታች የዚህን ሠራተኛ ስምና ስልክ ይያዝ፡፡ ይህ አዲስ ካፒታል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከሠራተኞች መካከል ለአንዱ ኃላፊነቱን መስጠት ብቻ ነው፡፡

ሒሳቡን ማሽኑ ይያዝ፡፡ ሰላምታውና ምርቃቱ ግን ፍላቂት ገበያ ላይ እንደሚደረገው ከሰው እጅ አይውጣ፡፡