ብዙ አያመኝም፤ ኪኒኑን ላቁም?

ይድረስ ለእትዬ፣

የ41 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩት ለሆቴሎች እንጀራ እየጋገርኩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሁለት እጆቼ ጣቶች አብጠው መጨበጥ አቃተኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባልኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ። ሲብስብኝ ከመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ገዝቼ ለጥቂት ቀን እውጣለሁ፤ ወዲያው ይተወኛል። ምጣዱን ለልጄ ከተውኩላት ወዲህ ግን ብዙም አያመኝም። ጎረቤቶቼ «ድነሻል፤ ኪኒኑ ጉበትሽን ሳይጨርሰው ተይው» ይሉኛል። ባለቤቴ ሶደሬ ፍል ውሃ ሄጄ ብታጠብ ይበቃል ባይ ነው። እህቴ ደግሞ ያደግንበት የወንጂ ውሃ ነው ያመጣብሽ ትላለች። ለመሆኑ በሽታው በቁጥጥር ሥር መዋሉን በምን ላውቅ?

መ. ነኝ፣ ከአዳማ

ውድ እህቴ መ.፣

ከሁሉ አስቀድሜ፦ ሜቶትሬክሴቱን በራስሽ አታቁሚ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

«ምጣዱን ለልጄ ከተውኩላት ወዲህ ብዙም አያመኝም» ብለሻል። ሊጥ የማያቦካና አክንባሎ የማያነሳ እጅ ቢያርፍ አይገርምም። ሕመሙ የቀነሰው በሽታው ስለተያዘ ነው ወይስ ሥራውን ስለተውሽ? መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ይህን ነው። ይህ ሕመም ያለባቸው ብዙ እናቶች ዛሬ ልብስ መጭመቅ፣ ነገ የጀሪካን ክዳን መክፈት፣ ከነገ ወዲያ ጀበና በአንድ እጅ ማንሳት ይተዉና በቀረው ኑሯቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተውሻቸውን ሥራዎች ቁጭ ብለሽ ጻፊያቸው። ሐኪምሽ ሊያይ የሚገባው አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያን እያጠቃ ብግነት የሚፈጥርበት በሽታ ነው። ሕመሙ በቀነሰ ጊዜ እንኳ ብግነቱ ውስጥ ውስጡን አጥንትን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው በሽታው በሕመሙ ብቻ የማይለካው።

ጠዋትሽን ተመልከቺ። ከአልጋ ተነሥተሽ እጅሽ እስኪፍታታ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ብግነቱ ንቁ ሲሆን የእጅ መተሳሰሩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ሰዓትና ከዚያ በላይም ይቆያል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጠላሽን ማጣፋት፣ ቁልፍሽን መቆለፍ ከቻልሽ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ የጣቶችሽን አንጓዎች ጫን እያደረግሽ ፈትሺ፤ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ሲነካ የሚያም አለ? ቀለበትሽስ እንደ ድሮው ይገባል? በቂ እንቅልፍ ተኝተሽ የማይለቅ ድካምም የዚሁ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አትናቂው።

ዋናው ግን ፕሬድኒሶሎኑ ነው። በየጊዜው እሱን የምትፈልጊ ከሆነ በሽታሽ ገና አልተያዘም። መድኃኒቱ ፈጥኖ ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ምን ያህል ጊዜ እንደገዛሽ ሳትደብቂ ለሐኪምሽ ንገሪው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የወሰደ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ የለበትም።

ሐኪሙም የራሱ መለኪያ አለው። 28 መገጣጠሚያዎችን እየዳሰሰ ያበጡትንና የሚያሙትን ይቆጥራል፤ ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ የተባለውን የደም ምርመራም ያያል። ግቡ በሽታው ሙሉ በሙሉ ጸጥ እንዲል፣ ካልሆነም በጣም ዝቅ እንዲል ነው። ሕክምና በተጀመረ በ3 ወር ለውጥ ካልታየ ወይም በ6 ወር ግቡ ላይ ካልተደረሰ፣ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። አንቺ ሦስት ዓመት ስለሆነሽ ይህን ለመጠየቅ መብት አለሽ።

ጎረቤቶችሽ ስለ ጉበት ያሉት መሠረት የሌለው አይደለም፤ መፍትሔው ግን ምርመራ ነው። የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ሴል ምርመራ በየጊዜው፣ ሁኔታሽ ከተረጋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ወሩ ይደረጋል። አረቄና ጠላውን ተይ። የታዘዘልሽ ፎሊክ አሲድ ካለ አታቋርጪው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል። ጽንስንም ስለሚጎዳ ለመውለድ ካሰብሽ አስቀድመሽ ተማከሪ። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስለት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ሶደሬን በተመለከተ፣ ከባለቤትሽ ጋር ሂጂና ታጠቢ። የሞቀ ውሃ ጡንቻን ያላላል፣ መተሳሰሩንም ያቀላል። በሽታውን ግን አያቆመውም፤ ስለዚህ የቅዳሜው ኪኒን እንዳይቀር።

የእህትሽ ሐሳብም መታየት አለበት። በወንጂም ሆነ በሌሎች ብዙ የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣውን ሰው ደግሞ አከርካሪውንና አንገቱን ያደርቃል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም። ሩማቶይድ አርትራይተስን ግን ውሃ አያመጣውም። ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ ያደግሽው ወንጂ መሆኑን፣ ጀርባና አንገትሽ የሚደርቅ ከሆነም ያንን ለሐኪምሽ ንገሪው።

የመገጣጠሚያ ሕመም ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እዚያው አዳማ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይከታተልሽ፤ ሕክምናው ካልሠራ «ሪፈር ጻፉልኝ» ከማለት አትፈሪ።

እህቴ፣ አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ ተመልሶ አይተካም፤ ገና ያልተነካውን ግን ማትረፍ ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ወር ቀጠሮ ያዢ፣ ያልኩሽንም ጽፈሽ ሂጂ። እግዚአብሔር ይማርሽ።