ጠዋት መኪና አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ጫንጮ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ውጭ ያደረ መኪና ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። ወተት ጭኖ በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሹፌር ቁልፍ አዙሮ «ጠቅ» ብቻ ሲሰማ ወዲያው አዲስ ባትሪ ያስባል። ብርድ ባትሪን ያደክማል፤ ቢሆንም ሳትለካ አትግዛ።

1. አድምጥ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ እምቢ ካለ ነዳጁንና ካንዴላውን እይ። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዝና ሪሌ ፈትሽ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ኒውትራል ላይ ሞክር። «ጠቅ» ካለ ወይም እያቃሰተ ከዞረ ቀጥል።

2. ባትሪውን በቴስተር ለካ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ።

3. እዚህ ላይ ተጠንቀቅ! 12.6 አነበብክ ማለት ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ በሥራ ላይ መለካት አለበት። ማርሽ አውጣ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ ቻርጅ አድርገህ ድገመው። ከ10 በላይ ቆሞ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ባትሪውን ተወውና ካቦዎቹን ያዝ።

አሁን የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርግና ቁልፉ ይዙር። እርሳሱን ራሱን ንካ እንጂ ያቀፈውን ማሰሪያ አትንካ፤ ዝገቱ በሁለቱ መሃል ስለሚደበቅ ማሰሪያውን ከነካህ ጥፋቱን ዘለልከው ማለት ነው። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው (ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው መስመር) አልያዘም። በፖዘቲቩም በኩል እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ እንዲሁ ለካ፤ እዚያ እስከ 0.5 ይፈቀዳል።

ቴስተር ከሌለህ እኔ የምመርጠው ዘዴ አለ፦ የባትሪ ማስነሻ ገመዱን አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ እሰርና አስነሳ። ከተነሳ ጥፋቱ ማሳው ነው።

4. ስታጸዳ ኔጌቲቩን ቀድመህ ፍታ፣ መጨረሻ ላይ እሰር። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ መፍቻው ቦዲ ከነካ ከባድ እሳት ይተፋል። እርሳሱንም ማሰሪያውንም ውስጡ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፤ በእጅ ስታዞረው ንቅንቅ እንዳይል አጥብቅ፤ ከላይ ግራሶ ቀባ።

5. ከተነሳ በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለብህ፤ ካነሰ ዲናሞውን አስፈትሽ።

ካልተሳካልህ የለካኸውን ቁጥር ጽፈህ ለኤሌትራውቶው ስጠው። ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል፤ አንተም የማያስፈልግህን ዕቃ አትገዛም።